በበሩ ያልገባው ቀፎ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ልጃቸው ለገሠ በመኪና ሊሽቀዳደም መሆኑን የሰሙ ዕለት አልጮኹም፣ አላለቀሱምም። ይልጡት የነበረውን ሽንኩርት ልጠው ጨረሱ፤ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ።

«ንግሥት፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ይህ መኪናዬ ውስጥ እተክለዋለሁ የሚለው ብረት እውነት ሰው የሚያድን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሲያልቅ አይተሽ ይበቃል ካልሽኝ ይሂድ። አይበቃም ካልሽኝ ግን፣ መድኃኔዓለምን፣ ቁልፉን ሽንት ቤት ነው የምጨምረው።»

ለገሠ ሳቀ። «በቃ፣ ዳኛ ተሾመብኝ!» አለ። ንግሥት ግን አልሳቀችም።

ዘመኑ 1963 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ንግሥት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ከመጨረሷ በፊት የሚጠበቅባትን የአንድ ዓመት አገልግሎት ለመፈጸም ወደ ተወለደችበት ሐረር ተመልሳ፣ ሴቶች ልጆች በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ከክፍል ስትወጣ ግን ታላላቆች ባሉበት ለመናገር ሦስት ጊዜ አስባ፣ በአራተኛው የምትተወው ዓይነት ሰው ነበረች። የእናቷ ቃል የከበዳት ለዚህ ነው። ይበቃል ማለትም አይበቃም ማለትም ያው መናገር ነው።

ወንድሟ ለገሠ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ በሚገኝ ጋራዥ መካኒክ ነው። አንድ ግሪክ ነጋዴ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት አሮጌ ፊያት ሺህ መቶ አለችው። ሞተሯን አውርዶ ፒስተኖቿን ለውጧል፤ በአንዱ ካርቡራተር ፋንታ ሁለት ገጥሞላታል፤ ጭስ ማውጫዋን አሳጥሮ ከሩቅ በድምፅዋ የምትታወቅ አድርጓታል። በአዘቦት ቀን እኅቱን ትምህርት ቤት፣ እሑድ እናቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርስባታል። ክብደት ይቀንሳል ብሎ የኋላ ወንበሯን ስለ ነቀለ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሄዱት። ኩርባ በመጣ ቁጥር ጣሪያውን በሁለት እጃቸው ይደግፋሉ።

ሽቅድምድሙ ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት እስከ ጫፉ መውጣት ነው። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ባጭር ጊዜ የወጣው ያሸንፋል። ባለፈው ዓመት አንዲት መኪና ኩርባ ላይ ተገልብጣ ጣሪያዋ ስለ ተጨፈለቀ ነጂዋ ሞቷል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ዘንድሮ ውስጧ የብረት ቀፎ ያልተተከለባት መኪና አትነሣም አሉ። ቀፎ የሚሉት ከወፍራም ቱቦ የሚሠራ ነገር ነው። አንድ ቅስት ከነጂው ፊት፣ አንድ ቅስት ከነጂው ኋላ ይቆማል፤ ሁለቱ ከላይ ይያያዛሉ፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድ ይይዛሉ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ የዶሮ ቤት ይሉታል።

እንዲህ ያለ ነገር በሐረር የሠራ ሰው አልነበረም። ለገሠ ወደ አው ሙሜ ሄደ። አው ሙሜ ጀጎል ውስጥ፣ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ገባ ብሎ ሦስተኛው ቅያስ ላይ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የብረት በር፣ የመስኮት ፍርግርግና አልጋ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሥራ ቤታቸው ወጥተው አይሠሩም። ሰው ልኩን ያመጣል፤ እሳቸው ብረት የሚያስሩበት ሞርሳ ካለበት ይሠራሉ፤ ያለቀው ዕቃ በሰው ትከሻ ይወጣል። የጀጎል መንገድ ደግሞ አህያና ሰው ሲተላለፉ አንዳቸው ግድግዳ የሚታከኩበት ስለሆነ፣ ፊያቷ ከፈላና በር ውጭ ከመቆም በቀር ምርጫ አልነበራትም።

«ልኩን አምጣ» አሉት። «ግን በወረቀት። ያንተን አፍ አላምነውም፤ አፍህ ከመኪናህ ይፈጥናል።»

ልኩን የወሰደችው ንግሥት ነች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሜትርና በሲባጎ ፊያቷ ውስጥ ተንበርክካ ዋለች። ለገሠ መሪውን ይዞ ይቀመጣል፤ እሷ በክርኑና በበሩ፣ በራሱና በጣሪያው መካከል ትለካለች።

«ከወለል እስከ ጣሪያ?»

«መቶ አሥራ ስድስት።»

«ሁለት ጣት ቀንሺለት፤ ጣሪያውን እንዳይነካ።»

ቤት ገብታ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚታየውን ለየብቻ በማስመሪያ ሣለች። እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ለክታ በቀይ እርሳስ ቁጥር ጻፈችበት። አው ሙሜ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዘው አዟዟሩት።

«ማሻአላህ! ይህንስ ሳልሠራው መስታወት አግብቼ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ይሻላል» አሉ። ንግሥት ደስታዋን ለመደበቅ ወደ መሬት አየች።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሥራ ቤቱ ደጅ ማለፍ ልማዷ ሆነ። ለገሠ የውሃ ቱቦ አምጥቶ ነበር፤ አው ሙሜ መለሱት። «ይህ ዝገት እንዳይነካው ነጭ ልብስ የለበሰ ነው። እሳት ሲነካው መርዝ ይተነፍሳል፤ ብየዳም አይቀበልም» አሉ። ጥቁሩ ወፍራም ቱቦ ከድሬዳዋ መጣ። አሸዋ በብረት ምጣድ ቆልተው ቱቦው ውስጥ እየጠቀጠቁ ሞሉት። ሁለቱንም አፉን በእንጨት ደፈኑት። የሚታጠፈውን ቦታ በእሳት አቅልተው፣ ቀስ ብለው አጎበጡት። አሸዋው ባይኖር ቱቦው እጥፉ ላይ እንደ ገለባ ይጨፈለቅ ነበር። አሸዋውም ርጥብ ቢሆን እንፋሎቱ መድፈኛውን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል፤ አው ሙሜ አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኖባቸው ግራ ጆሯቸው ጫፉ የለም። ቅስቶቹ ሲወጡ ግራና ቀኛቸው አንድ ዓይነት ነበር። ንግሥት ሜትር አውጥታ ለካች፤ ከሥዕሏ የተለየ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አላገኘችም።

ሽቅድምድሙ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀፎው አለቀ። አራት ሰው ተሸክሞት ወጣ። በቅያሱ ውስጥ ሁለት ቦታ ተቀረቀረ። አንዲት ሴት ከደጃቸው ብቅ ብለው፣ «ግድግዳዬን! ትናንት ኖራ የቀባሁትን! ወላሂ ትልሱታላችሁ!» እያሉ እስከ መታጠፊያው ተከተሏቸው። ፈላና በር ሲደርሱ ጫት ሻጮቹ፣ ደላሎቹ፣ በሩ አጠገብ ሻይ ቤት ያለው አሕመድ፣ ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበባቸው።

ለገሠ የፊያቷን በሮች ከፈተ። ቀፎውን በግራ በኩል አስጠጉት፤ አልገባም። አጋደሙት፤ አልገባም። በቀኝ ሞከሩት። መስታወቷን አውልቀው በፊት በኩል ሞከሩት። በጭንቅላቱ ደፍተው ሞከሩት። ቀፎው ለመኪናዋ ሆድ ልክ ነበር፤ ችግሩ በሯ ከሆድዋ መጥበቡ ነው። ይህንን ደግሞ ከዚያች ቅጽበት በፊት ማንም አላሰበውም።

መጀመሪያ የሳቀው አሕመድ ነው። «አቦ፣ ምን አስጨነቃችሁ? መኪናዋን ቀፎው ውስጥ ክተቷ!»

«ለጅቡ ቤት ይሁን!» አለ ሌላው። «ብርድ ላይ ነው የሚያድረው፣ ምስኪን!»

ሳቁ ግንቡን መትቶ ተመለሰ። ለገሠ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኅቱ ዞረ። «በሩን ለክተሽዋል?»

ንግሥት ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ውስጡ አርባ ሁለት ቁጥር አለ። ከአርባ ሁለቱ አንዱም የበር አይደለም። «አልለካሁም» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት።

«ዩኒቨርሲቲ!» አለ አንዱ ደላላ፣ ምራቁን ጢቅ አድርጎ።

«ዝም በል፣ አንተ!» አሉት አው ሙሜ። «የሚሳቀው በኔ ነው። አርባ ዓመት በር ስሠራ ኖሬ በር ረሳሁ! ሥሩ ልጆች፣ መልሱት። ነገ ሦስት ቦታ እቆርጠዋለሁ፤ ቁራጩ በበሩ ይገባል፤ ውስጥ እንቀጥለዋለን። ኢንሻአላህ ይደርሳል።»

ሰዎቹ ቀፎውን ለማንሳት ሲዘጋጁ ለአፍታ መሬት ላይ አስቀመጡት። ድንጋዩ እኩል ስላልነበረ አንደኛው ሸካሚ በእግሩ ገፋ አደረገው። ያን ጊዜ ንግሥት የኋለኛው ቅስት ወደ ጎን ሲዘም አየች። ትንሽ ነው፤ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ግን በእግር ተገፍቶ አንድ ጣት ከዘመመ፣ አንድ ሙሉ መኪና በላዩ ሲወድቅ ምን ይሆናል? እሷ የሣለችው አራት ማዕዘን ነው፤ አራት ማዕዘን ደግሞ ሲገፋ እንደሚጋደም ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቿ በክብሪት እንጨት ሠርታ አሳይታለች። በኋላና ከላይ አንድ አንድ ሰያፍ ብረት፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የሚሻገር፣ በውስጡ ያስፈልገዋል። ሌላም ነገር አየች። የቀፎው አራት እግሮች ባዶ የቱቦ ጫፍ ናቸው። የፊያቷ ወለል ቀጭን ላሜራ ነው። ከባድ ነገር ቢያርፍበት ቱቦው ወለሉን በስቶ ይወጣል።

ለመናገር አፏን ከፈተች። ደላላው አሁንም ይስቃል። ዘጋችው።

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ «እህ፣ አለቀ?» አሏት።

«በበሩ አልገባም» አለች።

«እሰይ!» አሉ እናቷ፤ ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ። «ገብቶ ሲያልቅ እጠይቅሻለሁ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ንግሥት ራት አልበላላትም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እንዳለ ከተገጠመ ይበቃል ማለት አትችልም። አይበቃም ብትል ለገሠ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር ከንቱ ይቀራል፤ እሷንም በሕይወቱ ሙሉ አይረሳላትም። መፍትሔው ሁለት ሰያፍና አራት ቁራጭ ላሜራ ነው። ግን ማን ነው የሚናገረው? በር መለካት የረሳች ልጅ፣ በአባቷ ዕድሜ ላለ ሰው፣ በገዛ ሥራ ቤቱ፣ ሥራዎ ጎዶሎ ነው ልትል?

ዓርብ ጠዋት ከትምህርት በፊት ወደ ፈላና በር ሄደች። አው ሙሜ ብቻቸውን ነበሩ። ቀፎው መሐል ቤት ቆሟል፤ ከጎኑ ለአንድ ነጋዴ ግቢ የተሠራ የላሜራ በር ግድግዳ ተደግፏል። ንግሥት ሰላምታ ሰጥታ ቆመች። ቀፎውን አላየችም፤ በሩን አየች።

«አው ሙሜ፣ አንድ ነገር እንዲያስተምሩኝ ነበር።»

«እኔ? አንቺን?» የብረት መቁረጫ ሰጌቷቸውን አስቀመጡ። «በይ እስቲ።»

«ይህ በር ከጀርባው ከጥግ ወደ ጥግ የተሻገረው ብረት… ምን ያደርግለታል?»

«ሰያፉ? እሱ ከሌለ በር በር አይሆንም እኮ! ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስለሆነ በሦስተኛው ወር አንገቱን ይደፋል፤ መሬት መጥረግ ይጀምራል። ቆይ ላሳይሽ።» ጥግ ላይ ከተጣሉ ሰያፍ አልባ ክፈፎች አንዱን አንሥተው መሬት ላይ አቆሙና በመዳፋቸው ገፉት። ክፈፉ ተጋደመ። «አየሽ? አራት ጎን ብቻውን ሰነፍ ነው። በገፋሽው በኩል ይሄዳል።»

«እሺ» አለች ንግሥት። «መሬቱ ልል ሲሆንስ፣ የበሩን ምሰሶ እንዴት ያቆሙታል?»

«ከሥሩ ሰፊ ድንጋይ ይነጠፍለታል። ያለዚያማ እየሰመጠ…»

ቃላቸውን አልጨረሱትም። ዓይናቸው ከክፈፉ ወደ ቀፎው ሄደ፤ ከቀፎው ላይኛ ቅስት ወደ እግሮቹ ወረደ። ከውጭ የአህያ ኮቴ አለፈ። በመጨረሻ ተነሥተው ቀፎውን በመዳፋቸው ገፉት፤ በክፈፉ እንዳደረጉት ነው የገፉት። ዘመመ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ሳያዩዋት። «ይህን ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልትነግሪኝ?»

«ልጠይቅዎ ነው።»

ኮፍያቸውን ከጭንቅላታቸው አውልቀው አራገፉ፤ መልሰው አደረጉ። «ዛሬ ጁምዓ ነው፤ መታጠብ አለብኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ያን ቀን ንግሥት ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። አስቀየምኳቸው፣ አለች በልቧ። ሥራውን ይተዉታል። ወይ በእልህ እንደ ነበረ ያደርጉታል። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ… ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ግን አሰበችና ሐሳቡን አልጨረሰችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎቿን አሰናብታ ወደ ፈላና በር ስትወርድ ሕዝቡን ከሩቅ አየች። ሁለት አህዮች ከግንቡ ሥር ቆመዋል፤ አንዱ የመበየጃ ጋዝ ሲሊንደሮቹን፣ ሌላው ቱቦና ላሜራ ተሸክሞ መጥቷል። ፊያቷ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ለገሠ የቤንዚን ጋኗን አውልቆ ርቆ አስቀምጦታል። በግራው በር በኩል የሁለት አሮጌ ጫማ ሶል ይታያል።

«ንግሥት፣ ነይ ተመልከቺ!» አለ አሕመድ፣ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ። «አው ሙሜ ከቤት ወጡ! ይህን ያየ ዓይን ሌላ ምን ይፈልጋል?»

አው ሙሜ ጥቁር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ብቅ አሉ። ፊታቸው በላብ ወዝቷል። «መጣሽ? ሌላ የምትጠይቂው ካለ አሁኑኑ ጠይቂ። ከተበየደ በኋላ ጥያቄ አልቀበልም።»

ንግሥት ከማፈሯ ብዛት ሳቋን መያዝ አቃታት።

ለገሠ ግን እየሳቀ አልነበረም። «ሰምተሻል የሚሉትን? ሁለት ሰያፍ፣ አራት ላሜራ! አሥር ኪሎ ነው የሚጨምሩብኝ! ወንበር ነቅዬ፣ ምንጣፍ ነቅዬ፣ እናቴን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ያተረፍኩትን አሥር ኪሎ! ደግሞ አንዱ የኋላውን መስኮት ይጋርደኛል።»

«ወደ ኋላ ምን ታያለህ?» አሉት አው ሙሜ። «አንደኛ እወጣለሁ ስትል አልነበረም?»

ሰዎች ሳቁ። ለገሠ ወደ እኅቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ንግሥት፣ ተዉ በይያቸው። አዘጋጆቹ የጠየቁት ቀፎ ብቻ ነው። ያለ ሰያፉም ያልፋል።»

«በእነሱ በኩል ያልፋል።»

«ታዲያስ?»

«ነገ ማታ እማዬ የምትጠይቀው እኔን ነው» አለች። ወንድሟን ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር የምትናገረው። «ያለ ሰያፉ ይበቃል አልላትም። አልዋሽም፣ ለገሠ።»

ለገሠ እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አሥር ኪሎ» አለ እንደገና፤ አሁን ግን ለራሱ ነበር። ከዚያ ሄዶ ላሜራዎቹን ከአህያው ላይ ማውረድ ጀመረ።

እስኪመሽና ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተሠራ። የተቆረጡት ቱቦዎች በበሩና በፊት መስታወቱ ክፍት አንድ በአንድ ገቡ። በየመጋጠሚያቸው ውስጥ ትንሽ ቀጠን ያለ ቱቦ ተሰክቶ ሁለቱን ወገን ያዘ፤ ከላዩ ተበየደ። አራቱ እግሮች እንደ መዳፍ በሰፉ የላሜራ ቁራጮች ላይ ቆሙ፤ ከወለሉ በታችም ሌላ ላሜራ ሆኖ በብሎን ታሰሩ። ሰያፎቹ ተሻገሩ። ሲያልቅ አው ሙሜ ከሸካሚዎቹ ትልቁን ጠርተው፣ «በትከሻህ ግፋው» አሉት። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ገፋ። የተነቃነቀችው መኪናዋ ናት እንጂ ቀፎው አይደለም።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ራሳቸው መጡ። መኪናዋን ዞሯት፤ ቱቦውን በጥፍራቸው አንኳኩ፤ ስለ በርጩማቸው ቦታ አጉረመረሙ። ከዚያ፣ «እህ?» አሉ፣ ንግሥትን እያዩ።

«ብትገለበጥ ጣሪያው አይወርድበትም» አለች ንግሥት። «ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አላውቅም፣ እማዬ።»

«ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺን አልጠየቅሁሽም» አሉ እናቷ፤ አማትበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ንግሥትና አው ሙሜ በአውቶቡስ ደንገጎ ወርደው፣ ከጫፉ ሦስተኛ በሆነው ኩርባ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቆሙ። አው ሙሜ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። «ብረቴን ለማየት ነው እንጂ ለሱ ግድ የለኝም» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው ሁሉ። ፔጆ አለፈ። አንድ ቀይ አልፋ አለፈ። ከዚያ ከሥር፣ ከገደሉ ወገብ፣ የፊያቷ ድምፅ መጣ፤ ንግሥት በተኛችበት ብትሰማው የምታውቀው ድምፅ ነው።

ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ጥሩ ነበር። የቀኙ የኋላ ጎማ ጠጠር ነካ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች፤ የመንገዱን ዳር ድንጋይ መታች፤ ተነሣች። ንግሥት የመኪናዋን ሆድ አየች፣ ጥቁርና አቧራማ፣ ወደ ሰማይ የዞረ። በጣሪያዋ ወረደች። እንደገና ተገለበጠች፤ እንደገና በጣሪያዋ፤ ከዚያ በተራራው በኩል ካለው ግድግዳ ተደግፋ፣ ጎማዎቿ ወደ ላይ ሆነው፣ ቆመች። አቧራው ሸፈናት።

ከሕዝቡ ማን ቀድሞ እንደ ሮጠ ንግሥት አታስታውስም። የምታስታውሰው ጠጠሩ ላይ በጉልበቷ ወድቃ፣ በተሰበረው መስኮት ወደ ውስጥ ስትመለከት ነው። ለገሠ በወገቡና በትከሻው ቀበቶ ታስሮ ተዘቅዝቋል። በራሱና በጣሪያው መካከል ስንዝር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው።

«ለገሠ!»

«እ» አለ።

«ለገሠ!»

«አቤት አልኩሽ እኮ! አትጩኺብኝ፣ ጆሮዬ አጠገብ ነሽ።» ዓይኑን አርገበገበ። «ንግሥት፣ ሁሉም ነገር ተገልብጧል ወይስ እኔ ነኝ?»

በሩ አልከፈት ስላለ በተሰበረው መስኮት ጎትተው አወጡት። አንድ የአዘጋጆቹ ሐኪም ዓይኑን ገልጦ አየ፤ አንገቱን ዳሰሰ፤ ጎድን አጥንቱን ተጫነ። የግራ አውራ ጣቱ ወልቋል፤ ቅንድቡ ላይ ተቧጭሯል። ሌላ ምንም የለውም። አው ሙሜ በዚህ ሁሉ መሐል ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መኪናዋ ውስጥ በደረታቸው ተኝተው ነበር። ሲወጡ ከራስ እስከ እግራቸው አቧራ ሆነዋል።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «አንድም ብየዳ አልተላቀቀ! አንድም! ሰያፉ ትንሽ ጎብጧል፤ እሱ ደግሞ ሥራው ነው።» ከዚያ ለገሠን ያዩት ገና ያን ጊዜ ይመስል ትከሻውን ይዘው፣ «አንተስ ደኅና ነህ?» አሉት፤ መልሱን ሳይጠብቁ አቅፈውት ማልቀስ ጀመሩ።

ንግሥት መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ከቅርጫቷ ሙዝ አውጥታ ልጣ እጇ ላይ አኖረችላት። ንግሥት ሙዙን በላች። ሌላ ሰጠቻት፤ እሱንም በላች። ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ እንዲህ አልጣማትም ነበር።

ድንች የጫነ መኪና ለምነው በአለማያ በኩል ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከደጃቸው ቆመው ነበር። ፊያቷ እንደሌለች አዩ፤ በድንች ጆንያዎቹ ላይ የተቀመጡትን አዩ። ለገሠ ሲወርድ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ክንዶቹን፣ ጀርባውን አንድ በአንድ ዳሰሱት። አውራ ጣቱ ላይ ሲደርሱ «ውይ!» አለ። «ይህ ብቻ ነው?» አሉ። «ይህ ብቻ ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ግቢው መካከል አውጥተው፣ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው አጎንብሰው ፀጉሩን ማጠብ ጀመሩ። የደንገጎ አቧራ እንደ ጭቃ ወረደ።

«ሳሙናው ዓይኔ ገባ!»

«ዝም በል።»

«ውሃው ይፋጃል እማዬ! አንገቴ ላይ አታፍስሺብኝ! ንግሥት፣ በይያት እንጂ!»

ንግሥት ጣሳውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ ለእናቷ አቀበለች፤ መልሳ ሞላች፤ መልሳ አቀበለች። ለገሠ ያማርር ነበር፤ እሷም ቶሎ እንዳይጨርስ እየተመኘች ትሰማው ነበር።